ከሥራ የማይቀር ባልደረባ

በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየባንኩና በየሐኪም ቤቱ የባለጉዳይ መጠበቂያ ክፍል ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት ከተለመደ ሰነበተ። ድምፁ ብዙውን ጊዜ ዝግ ነው። ሰዎች አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይታያሉ፤ ከግርጌው ጽሑፍ ይሮጣል፤ አነባለሁ ብሎ የሚከተለውም ሰው ዓይኑ ይፈዛል እንጂ አይደርስበትም።

እኔ ታናሽ ጸሐፊ ነኝ፤ ይህን ዕቃ ከመስኮቴ ትይዩ ዘወትር ስለማየው ጠባዩን አጥንቼዋለሁ። ጧት በ2 ሰዓት ተኩል ከሁላችን ቀድሞ ሥራ ይጀምራል፤ ለሻይ አይወጣም፤ ለቅሶ አለብኝ ብሎ አያስፈቅድም፤ ዕድገት ቀረብኝ ብሎም አያኰርፍም። መብራት ካልጠፋ በቀር ከሥራ አይቀርም። ሥራው ምንድን ነው ያላችሁኝ እንደ ሆነ፥ ለባለጉዳይ ትዕግሥት ማደል ነው እላለሁ።

ቀድሞ ብዙ የጠበቀ ባለጉዳይ እርስ በርሱ ማውራት ይጀምር ነበር። አንዱ «ስንተኛ ቀንዎ ነው?» ይላል፤ ሌላው «ሦስት ሳምንት ተመላለስሁ» ይላል፤ ወሬው እየጋለ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ደፋር ብድግ ይልና የአለቃውን በር ያንኳኳል። ዛሬ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ስም አይጠያየቁም። ሁሉም አንጋጥጦ ያያል።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ. ም. ወደ አገራችን ሲገባ ሣጥኑ የባለጸጋ ቤት ዕቃ ነበር። ያላገኘ ሰው ጎረቤት ዘንድ ይሄዳል፤ ልጆች ጫማቸውን ደጃፍ አውልቀው ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ፤ ሳንቲም የሚያስከፍል ባለቤትም አልጠፋም። ቢሆንም ለማየት የሰው ቤት መርገጥ፥ እመቤቲቱንም እንደምን አመሹ ማለት ግድ ነበር። በ1977 ዓ. ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ሥዕሉ ቀለም አገኘ። በ2008 ዓ. ም. ደግሞ ቃና የተባለው ጣቢያ የቱርክ ተዋንያንን በአማርኛ ያናግራቸው ጀመር።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት ሰው የምለውን ያውቀዋል። ማኅተም የምትይዘው ባልደረባችን የማታውን ክፍል ጧት ጧት ትተርክልናለች፤ አተራረኳ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከተዋንያኑ ይበልጣል። ነገር ግን ያ ባል ሚስቱን ይፍታ ወይም ይታረቅ ሳይለይ ማኅተሙ ከመሳቢያ አይወጣም።

በቀደም አንዲት እናት መጡ። ባላቸው የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ሆነው ኖረው ያረፉ ናቸው፤ የጡረታው አበል ለእሳቸው እንዲተላለፍ የአገልግሎት ማስረጃ ይፈልጋሉ። ሲመላለሱ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። የተቀመጠውን ሰው ሁሉ በየተራ እጅ ከነሡ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፥

«ልጄ፥ ይህን ወንበር ባዞረው ትቈጣኛለህ?» አሉኝ።

«ኧረ ምን ገዶኝ፥ እማማ!»

አዞሩት። ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ፥ ፊታቸውን ለእኛ ሰጥተው፥ ነጠላቸውን አስተካክለው፥ ሁለት እጃቸውን በምርኩዛቸው ላይ አድርገው ያዩን ጀመር። አይቈጡም፤ አይናገሩም፤ ያያሉ ብቻ። በመጀመሪያ ስልክ የሚነካካው ልጅ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀጥሎ የቱርኩ ታሪክ መሐል ላይ ቆመ። ጠፋ ሲባል የሰነበተው ፋይልም ከሻይ ትሪው ሥር ተገኘ። ከ6 ሰዓት በፊት ደብዳቤው ተጽፎ፥ ማኅተም ተመቶበት ነበር። ይህን ያዩ አንድ ሽማግሌ እሳቸውም ወንበራቸውን አዞሩ፤ ቀጥሎ አንድ ተማሪ አዞረ።

በማግስቱ ጧት ስንገባ አንድ ብረት ሠሪ ተንበርክኮ ወንበሮቹን ከወለሉ ጋር በብሎን ሲያስር አገኘነው። አለቃችን የክፍሉ ሥርዓት ተበላሸ ብለው ነው ያዘዙት። እናቲቱ ለቀረች አንዲት ፊርማ ሐሙስ ይመለሳሉ፤ ከቤታቸው በርጩማ ይዘው እንዲመጡ ሰው ልኬባቸዋለሁ።