ቦሎ የተለጠፈለት ሁሉ ደኅና ነውን?



ያረጁ መኪኖች ከመንገድ ይውጡ የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱ እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። የቡሬን በርበሬና የጃቢ ጠህናንን በቆሎ ለገበያ የሚያደርሰው ያው ያረጀው አይሱዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቅሎታል፤ በመሆኑም ባለንብረቱ ያለችውን እየጠገነ መንዳቱ አይቀርም።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል። ታዲያ አንዳንዱ ባለመኪና ምን ያደርጋል? ለምርመራው ቀን ደኅና ጎማ ይዋሳል፣ የጨመረውን ወንበር ይፈታል፤ ቦሎውን ካስለጠፈ በኋላ ጎማውን ለባለቤቱ መልሶ ወንበሩን እንደገና ያስራል። ለዕቃ ተሠርቶ የመጣ መኪናም ጎኑ ተቀዶ መስኮት ወጥቶለት፣ ወንበር በብየዳ ተይዞለት ሰው ይጭናል። ብየዳው ቢለቅ እኮ ወንበሩ ከነሰዎቹ ነው የሚሄደው! ፍሬኑም የተሠራው ለፋብሪካው ልክ እንጂ ለተጨመረው ሸክም አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ከደጀን ወደ ዓባይ ያለው ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ እዚያ በማርሽ ያልታገዘ ፍሬን ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

ስለዚህ መርማሪው ከዕድሜው ይልቅ ፍሬኑን፣ መሪውንና ብየዳውን ይይ፤ የወንበሩንም ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክር። በዓመት አንድ ቀን ብቻ አይበቃም፤ መናኸሪያ በር ላይ በድንገት መታየት አለበት። ከገጠር ለገበያ የምትመጡ ዘመዶቻችንም፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ውረዱ እንጂ አትጠጉለት።