ሲኒማውና ፋኖሱ

ዛሬ ስለ አንድ ፊልም እናወጋለን። ፊልሙ ለልጆች የሚሆን ነው። ውሸት ይበዛበታል። ከውሸቶቹ አንዱ ግን እኔንና ጓደኛዬን ሊገድለን ነበር። ስለዚህ ተራ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ያደግሁት በአዲስ አበባ ሰሜን፣ ጉለሌ ውስጥ ነው። ከበላያችን የእንጦጦ ተራራ አለ። ከተራራው ግርጌ ሽሮ ሜዳ አለ። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው። አባቴም ሸማኔ ነበር። ሸማኔ ሲሠራ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ።

ጊዜው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። እኔ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ እሁድ ታላቅ ወንድሜ እኔንና የጎረቤታችንን ልጅ ይዞ ወደ ፒያሳ ወረደ። በእግር ነው የሄድነው። ሲኒማ ሊያሳየን ነበር።

ዛሬ ፊልም በስልክም ይታያል። ያን ጊዜ ለእኛ ብርቅ ነበር። አዳራሹ ጨለማ ነው። ከኋላችን ብርሃን ይመጣል። ፊት ለፊት በተዘረጋው ነጭ ሸራ ላይ ሰው ይሄዳል፣ ባሕር ይናወጣል። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው። ወንድሜ በሹክሹክታ ያስተረጉምልናል። ግማሹን ራሱ እየፈጠረ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

የፊልሙ ስም «ወደ መሬት መካከል የተደረገ ጉዞ» ነው። የተሠራው በአሜሪካ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ነው። ታሪኩ የተወሰደው ከአንድ የፈረንሳይ ደራሲ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ዡል ቬርን ይባላል። መጽሐፉ የወጣው በፈረንጆች 1864 ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሽማግሌ አስተማሪ አለ። ተማሪው አንድ ድንጋይ ያመጣለታል። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። እሳተ ገሞራ ማለት ከመሬት ሆድ እሳትና የቀለጠ ድንጋይ የሚተፋ ተራራ ማለት ነው። አስተማሪው ድንጋዩን በእጁ ይመዝነዋል። ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ውስጡ ሲታይ የተጻፈበት ብረት ይገኛል። ጽሑፉ ወደ መሬት መካከል የሚወስደውን መንገድ ይናገራል።

ከዚያ ጉዞ ይጀመራል። አይስላንድ በምትባል ቀዝቃዛ አገር በተራራ አፍ ይወርዳሉ። አስተማሪው፣ ተማሪው፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትና አንድ መንገድ መሪ ናቸው። መንገድ መሪው ዳክዬ አለችው። ዳክዬዋም አብራ ትወርዳለች። ከመሬት በታች ቤት የሚያክል እንጉዳይ ያገኛሉ። ባሕር ያገኛሉ። የጠፋ ከተማ ያገኛሉ። ጀርባቸው ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነገር ያላቸው አውሬዎች ይመጡባቸዋል። እኔ በዚህ ጊዜ ከወንበሩ ሥር ነበርኩ።

አንድ ክፉ ሰው ደግሞ ዳክዬዋን ይበላታል። ጓደኛዬ ለሰው ሞት ያላለቀሰውን ለዳክዬዋ አለቀሰ። በመጨረሻ እሳተ ገሞራ ይፈነዳል። ተጓዦቹን በትልቅ የድንጋይ ገበታ ላይ እንዳሉ ወደ ላይ ይወረውራቸዋል። የሚወጡት ስትሮምቦሊ በሚባል የጣሊያን ተራራ በኩል ነው። ተማሪው መነኮሳት ግቢ ውስጥ ዛፍ ላይ ራቁቱን ይገኛል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። እጁን ከሥራው ሳያነሳ፣ «እኔ ዕድሜ ልኬን ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ከቁንጫ በቀር ያገኘሁት የለም» አለኝ።

እኛ ግን አላረፍንም። በሰፈራችን ተጀምሮ የቀረ የውሃ ጉድጓድ ነበር። ክረምት ስለገባ ቁፋሮው ከቆመ ሳምንታት አልፈዋል። አፉ በቆርቆሮ ተከድኗል። ቆርቆሮውን አነሣን። ጓደኛዬ ገመድ አመጣ። እኔ ከቤት ፋኖስ ሰረቅሁ። ማን ይቅደም ብለን ተጣላን።

ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ደረሱብን። ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። አባባ እንላቸዋለን። ይመቱናል ብለን ስንጠብቅ አልመቱንም። «ምን ልትፈልጉ ነው?» አሉ። ሲኒማውን ነገርናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙን። ዳክዬዋን ሳንዘል ነገርናቸው።

ከዚያ ፋኖሱን ለኮሱ። በገመዱ አስረው ቀስ እያሉ አወረዱት። እኛ ተንበርክከን አየን። ፋኖሱ ሲወርድ ያበራል። አንድ ሁለት ሰው ቁመት ወረደ። ያበራል። ትንሽ ዝቅ ሲል ደበዘዘ። ከዚያ ጠፋ። ነፋስ የለም። ውሃ አልነካውም። ዝም ብሎ ጠፋ። አውጥተው እንደገና ለኮሱት። እንደገና አወረዱት። እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ እንደገና ጠፋ።

«አያችሁ?» አሉን። «እሱ ከጠፋበት ቦታ ሰው ቢደርስም ይጠፋል። ሲኒማችሁ ላይ ሰዎቹ ምን ይተነፍሱ ነበር?»

መልስ አልነበረንም።

ባለፈው ክረምት ያንን ፊልም እንደገና አየሁት። ልጄ ፈልጋ አገኘችው። ያንኑ ጓደኛዬን ጠራሁት። ሁለታችንም ሸብተናል። ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን አየን።

ምን ልበላችሁ፣ አውሬዎቹን ሳይ አፈርኩ። ከወንበር ሥር ያስገቡኝ እነዚህ ናቸው? እንሽላሊቶች እኮ ናቸው! እውነተኛ እንሽላሊቶች ናቸው። ጀርባቸው ላይ ክንፍ መሳይ ነገር ተለጥፎባቸዋል። ካሜራው በጣም ተጠግቶ ስላነሣቸው ትልቅ መሰሉ። ልጄ ሳቀችብን። እኛም ሳቅን።

ወደ መጨረሻው ጓደኛዬ ዝም አለ። «ምነው?» አልኩት። «መብራታቸው አልጠፋም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ያ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርዱ አየሩ እንጦጦ ጫፍ ላይ እንዳለው አየር ንጹሕ ነው። የእንሽላሊቱ ውሸት ያስቃል። የአየሩ ውሸት ግን ይገድላል።

ለመሆኑ እውነቱ ምንድን ነው? ከርሠ ምድር ውስጥ ምን አለ? ከርሠ ምድር ማለት የመሬት ሆድ ማለት ነው።

ከእግራችን ሥር እስከ መሬት መካከል 6,370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር አራት ጊዜ ደርሶ መልስ ብትሄዱ እንኳ ይህን ያህል አይሞላም። እኛ የምንኖርበት የላይኛው ድንጋይ ስስ ነው። መሬትን እንቁላል ብትሉ፣ እሱ ቅርፊቱ ነው። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። መካከሉ ላይ ከ5,000 ዲግሪ ይበልጣል። ብረት እንኳ በ1,500 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ስለዚህ እዚያ የደረሰ ሰው የለም፤ አይደርስምም።

ሰው የቻለውን ያህል ቆፍሯል። የያኔዋ ሶቪየት ኅብረት ኮላ በሚባል ቦታ በ1962 ዓ.ም. መቆፈር ጀመረች። በ1981 ዓ.ም. 12,262 ሜትር ደረሰች። አንድ እግረኛ በሁለት ሰዓት ተኩል የሚሄደው መንገድ ነው፤ ግን ቁልቁል። ቀዳዳው ከአንድ ስንዝር ብዙም አይሰፋም። ሰው ሳይሆን መሣሪያ ነው የወረደው። እዚያ ታች ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሆነ። ድንጋዩ በሙቀት ስለለሰለሰ ቁፋሮው አልገፋ አለ። ይህ ሁሉ ተደክሞ የተሄደው እስከ መሬት መካከል ካለው መንገድ ከ500 እጅ አንዱን አይሞላም።

በአገራችንም ተቆፍሯል። በ1970ዎቹ በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ፣ በአሉቶ ተራራ ላይ ከ2 ኪሎ ሜትር የሚያልፉ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። እዚያ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ተገኘ። ከኮላ ይልቅ ጥልቀቱ ያነሰ ነው፤ ሙቀቱ ግን የበለጠ ነው። ለምን ቢባል፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጋለው ድንጋይ ወደ ላይ ቀርቧል። ከእንፋሎቱ ኤሌክትሪክ ማውጣት ይቻላል።

በአፋር ደግሞ እሳቱ ራሱ ይወጣል። ኤርታ አሌ የታወቀ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እዚያው አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባል ተራራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደረሰ።

አዲስ አበባም ብትሆን የዚህ ሙቀት ልጅ ናት። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ይኖሩ ነበር። እንጦጦ ብርድ ነው። እቴጌይቱ ከተራራው እየወረዱ ፍል ውሃ ይታጠቡ ነበር። ቦታውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባም አሉት። ያ ውሃ እንዴት ፈላ? ዝናብ በመሬት ስንጥቅ ሰርጎ ይወርዳል። ከጋለ ድንጋይ ይደርሳል። ሞቆ ይመለሳል። እንጦጦም ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ያወጣው ድንጋይ ነው። እኛ የመሬት ሆድ ምን እንደሆነ ለማየት ሲኒማ ድረስ ወረድን። ማስረጃው ግን በላያችንም በታችንም ነበር።

አሁን ወደ ፋኖሱ እንመለስ። የእኛ ጉድጓድ 15 ሜትር እንኳ የሚሆን አይመስለኝም። ሙቀት የለውም። አውሬ የለውም። ታዲያ ፋኖሱን ምን አጠፋው?

እሳትም ሰውም የሚኖሩት በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው። ሌላ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር አለ። ስንተነፍስ የምናወጣው፣ ቅጠል ሲበሰብስ የሚወጣው ነው። ይህ አየር ከባድ ነው። እንደ ውሃ ወደ ታች ይተኛል። አይታይም፤ አይሸትም። ጉድጓድ ተከድኖ ሲከርም ታች ይሞላል። የሚተነፈሰው አየር ወደ ላይ ይገፋል። ሰው ሲገባበት ራሱን ያዞረዋል። ጉልበቱ ይከዳዋል። ጮሆ ሳይጣራ ሊወድቅ ይችላል። የእህል ጉድጓድም እንዲሁ ነው። በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ይቀመጣል። እህሉ ታፍኖ ሲቆይ በጉድጓዱ ያለውን ጥሩ አየር ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ጉድጓድ የምትቆፍሩ፣ እነዚህን ያዙ።

አንደኛ፣ ብቻችሁን አትውረዱ። የሚወርደው ሰው ደረቱ ላይ ገመድ ይታሰር። ላይ ጎትተው ሊያወጡት የሚችሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ይቁሙ።

ሁለተኛ፣ ከመውረዳችሁ በፊት ፋኖስ ወይም ሻማ በገመድ አውርዱ። ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ማንም እንዳይወርድ። ባይጠፋም «ደህና ነው» ማለት አይደለም። ፋኖስ የማይለየው መርዝ አለ። ራስ ምታት ወይም ማዞር እንደጀመረ ወዲያው መውጣት ነው። በሽንት ቤትና በፍግ ጉድጓድ ላይ ግን እሳት አታቅርቡ። እዚያ የሚወጣው አየር ሊፈነዳ ይችላል።

ሦስተኛ፣ አየሩን በጥብጡት። ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ በገመድ እያወረዳችሁ እያወጣችሁ ናጡት። ከዚያ እንደገና ፈትኑ።

አራተኛ፣ በነዳጅ የሚሠራ የውሃ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አታውርዱ። ጭሱ ይገድላል።

አምስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ሰው ታች ቢወድቅ ተከትላችሁ አትውረዱ። ወንድም ወንድሙን አያለሁ ብሎ ይወርዳል፤ እሱም ይወድቃል። ሦስተኛውም ይከተላል። በአንድ ጉድጓድ ስንት ቤት ይዘጋል። ገመዱን ጎትቱ። ሰው ጥሩ። ገመድ አስቀድሞ ይታሰር ያልነውም ለዚህ ነው።

ያ ሽማግሌ ፊደል የቆጠሩ አይመስለኝም። ካርቦን የሚባል ስም አልሰሙም። ግን ጠይቀው፣ አይተው፣ ፈትነው ያውቁ ነበር። የፊልሙ አስተማሪም በዚህ ይመስላቸዋል። ድንጋዩ ለምን ከበደ ብሎ ጠየቀ። ፊልሙን እስከ ዛሬ የምወደው ለዚህ ነው። መልሱ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ነበር።

እናንተ ጋ ጉድጓድ ሲቆፈር አየሩ በምን ይፈተናል? ማታ ቡና ላይ ተጠያየቁ። ይህችንም ወረቀት ጉድጓድ ለሚቆፍር ጎረቤታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ነገ ከመውረዱ በፊት ይሁን።