የቡና ገበያ ጫጫታና የልብ ጸጥታ



በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ በመኸር ወራት ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ቡና ስንት ገባ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በብራዚል የደረሰው ድርቅ ተጨምሮበት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የአንድ ፓውንድ አራቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። አገራችንም በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች።

ለዘመናት ለፍቶ ጥቂት ላገኘው ገበሬ ይህ የምስጋና ምክንያት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። ያን ጊዜ ልብን የሚያናውጠው «ልጆቼን በምን ላሳድግ?» የሚለው ጭንቀት ነበር። ዛሬ ደግሞ «አሁን ልሽጥ ወይስ ልቆይ?» የሚለው ነው። ዋጋ ወደቀም ወጣም ልብ አላረፈም!

ጌታ ኢየሱስ በዘሪው ምሳሌ ቃሉን የሚያንቁትን እሾሆች ሲዘረዝር የኑሮን ሐሳብ፣ ባለጠግነትንና ተድላን ጠቅሷል (ሉቃ. 8፥14)። ድህነትም ሀብትም እዚያ አሉ። በአጋሮ አካባቢ የሚገኝ አንድ የታወቀ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር «ዱሮሚና» ይባላል፤ በኦሮምኛ ሀብታምነት ማለት ነው። መልካም ምኞት ነው፤ ሠርቶ መበልጸግ ኃጢአት አይደለም። እሾህ የሚሆነው የእግዚአብሔርን ቃል ቦታ ሲይዝ ነው። ሦስተኛው እሾህ፣ ተድላው፣ ደግሞ ዛሬ በኪሳችን ገብቷል። ዋጋ ለመጠየቅ የተከፈተው ስልክ በፌስቡክና በቲክቶክ አድርጎ እኩለ ሌሊት ያደርሰናል።

ብዙዎቻችን «ቡናው ይሰብሰብና እጸልያለሁ» እንላለን። እርግጥ እሸት ቡና ጊዜ አይሰጥም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ማጠቢያ ጣቢያዎች እስከ ሌሊት የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ጌታችን ሕሙማንን ሁሉ ሲፈውስ ካመሸ በኋላ፣ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ብቻውን ሊጸልይ ወደ ምድረ በዳ ሄደ (ማር. 1፥32-35)። ሥራው እስኪያልቅ አልጠበቀም። ጸጥታ ከሥራ የሚተርፍ ጊዜ ሳይሆን አስቀድሞ የሚለይ ጊዜ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ጠዋት ስልካችንን ከመክፈታችን በፊት መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንክፈት። የገበያው ዋጋ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይብን የሚጎዳን ነገር የለም።

2. ቤታችን ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ጊዜ እንጠቀምበት። ስልኩ ይቀመጥ፣ አንድ ክፍል ይነበብ፣ ለጎረቤት ይጸለይ። ቡና የምታፈላዋም እኅት እንደ ማርታ በጓዳ አትቅር፤ ቁጭ ብላ ትስማ።

3. አብያተ ክርስቲያናት በጥቅምትና በኅዳር የማታው የጸሎት ፕሮግራም ሰው ካጣ፣ ሕዝቡን ከመውቀስ ይልቅ ሰዓቱን ወደ ንጋት ቢያዛውሩ ይሻላል።

4. የቡና ባለቤት የሆናችሁ ወገኖች፣ የቀን ሠራተኞቻችሁን አስቡ። እግዚአብሔር የዕረፍትን ቀን ሲሰጥ ባሪያውና ገረዲቱም እንዲያርፉ አዝዟል (ዘዳ. 5፥14)። እኛ በአምልኮ ጸጥ ብለን ሳለ ለቃሚው እሑድን በእኛ ማሳ የሚውል ከሆነ፣ ጸጥታችን በሌላው ድካም የተገዛ ነው።

የቡና ዋጋ ነገ ሊወርድ ይችላል፤ ከዚህ በፊትም ወርዷል። ልቡን በዋጋ ላይ የሰቀለ አብሮ ይወርዳል። እግዚአብሔር ግን ትናንትም ዛሬም ያው ነው። በፊቱ ጸጥ የሚል ልብ ይስጠን። አሜን።