ጦስኝ ይታጨድ እንጂ አይነቀል

ባለፈው ሰሞን በሲኤምሲ አካባቢ ከአንድ ጉልት አንድ እስር የደረቀ ጦስኝ ገዛሁ። ቤቴ ገብቼ ስፈታው ግማሹ ሥርና አፈር ነበር። ነጋዴዋ የመጣላትን ሸጠች፤ ጥፋቱ የተፈጸመው ተክሉ ከተነቀለበት ተራራ ላይ ነው።

ጦስኝ የደጋችን ተወላጅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 እስከ 4,000 ሜትር ገደማ ባሉ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በጣርማ በርና በባሌ ዲንሾ፣ በድንጋያማና ስስ አፈር ባለው መሬት ላይ ተነጥፎ ይበቅላል። ሕዝባችን ለሻይና ለሽሮ ማጣፈጫ፣ ለሳልና ለደም ግፊትም ይጠቀምበታል። (የደም ግፊት ሕመምተኛ ግን ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት በጦስኝ መተካት የለበትም።) ሽታውን የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ዘይቶች በብዛት የሚገኙት በቅጠሉና በአበባው ነው። ስለዚህ ሥሩን የሚነቅል ሰው ለገዢው የማይጠቅመውን ክፍል ወስዶ የከርሞውን ምርት ያጠፋል። አፈሩም ለጎርፍ ይጋለጣል።

አንዳንድ ባለሙያዎች ለቀማው ጨርሶ ይከልከል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ገብሱን ውርጭ የመታበት የደጋ ገበሬ ከጦስኝ የሚያገኘው ገንዘብ ለጨውና ለጋዝ ይሆነዋል። ክልከላው ለቀማውን አያስቀርም፤ ወደ ሌሊት ያዞረዋል እንጂ። መፍትሔው በገዢው እጅ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥር ያለበትን እስር አንቀበልም ቢሉ፣ ንጹሑንም በተሻለ ዋጋ ቢገዙ፣ ገበሬው በራሱ ፈቃድ ማጭድ ያነሣል።

የልማት ሠራተኞች በበኩላቸው የሚከተሉትን በተግባር ያሳዩ፦

1. እንጨታማው ግንድና ጥቂት አረንጓዴ ቅርንጫፍ ሳይነካ ለጋው ብቻ ይታጨድ።

2. ከየቦታው ጥቂቱ ሳይታጨድ ለዘር ይተው።

3. ምርቱ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ፀሐይ ዘይቱን ያተናል።

4. ክረምት ሲገባ ቁርጥራጭ ቅርንጫፍ ወይም የተከፈለ ጉጥ በጓሮና በእርከን ላይ ይተከል። ውሃ የሚተኛበት መሬት አይስማማውም።

የአገራችን የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ነው። በማዕከል የሚጠበቅ ዘር ትልቅ ዋስትና ቢሆንም፣ ተራራውን መልሶ የሚያለብሰው ግን ገበሬው ነው። እያንዳንዱ ማኅበር በሚመጣው ስብሰባው ላይ «ከነሥሩ አንገዛም» የሚል አንድ ውሳኔ ቢያሳልፍ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።