በራስ መተማመን በልምምድ ይመጣል

ረመዳን ሲገባ በየቤቱ ቁርኣን ይገለጣል። ልጆች ከመድረሳ የተማሩትን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ወላጆችም ያዳምጣሉ። ከሚያዳምጡት መካከል ግን ማንበብ ባለመቻላቸው አፍረው ዝም የሚሉ አባቶች አሉ። «የእኔስ ዕድሜ አልፏል» የሚሉ እናቶችም ጥቂት አይደሉም። በንግዱ፣ በእርሻው፣ በቤት አያያዙ የማይታሙ ሰዎች ቁርኣን ፊት ሲቀመጡ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ብዙዎቻችን በራስ መተማመን አስቀድሞ መጥቶ ሥራው የሚከተል ይመስለናል። «ድፍረቱ ሲኖረኝ እጀምራለሁ» እንላለን። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ድፍረቱ የሚመጣው ከተጀመረ በኋላ ነው። ሳንቡሳ መጠቅለል የተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል። በመጀመሪያው ቀን ጥቅሉ ዘይት ውስጥ ይፈታል፤ ወሩ ሲጋመስ ግን እጅ ከሰው ጋር እየተጨዋወተም ይጠቀልላል። እጅ እንዲህ ከለመደ ምላስም ይለምዳል።

አማርኛ ተናጋሪ ቁርኣን ማንበብ ሲጀምር ለምን እንደሚቸገር ማወቁም ሐፍረቱን ያቀልለታል። ፊደላችን ሀንና ሐን፣ አንና ዐን ለይቶ ይጽፋል፤ አፋችን ግን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። በዐረብኛ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ መውጫ ስላለው አንዱ በሌላው ሲተካ ትርጉም ይለወጣል። «ፋቲሓ» የሚለው ስም ራሱ ከጉሮሮ የሚወጣውን ሐ ይፈልጋል። እናም የአርባ ዓመት ሰው ቢንተባተብ ጉሮሮው ያልለመደውን ድምፅ ስለጠየቀው እንጂ አእምሮው ስለደከመ አይደለም። የዚህ መድኃኒቱ መደጋገም ነው።

ሱረቱል ፋቲሓ 7 አንቀጾች አሏት። በቀን አንዷን አንቀጽ ብቻ አጥርቶ የሚለማመድ ሰው በአንድ ሳምንት ከመጨረሻዋ ይደርሳል። በቀን ውስጥ ባሉት 17 የግዴታ ረከዓዎች ስለምትነበብ ልምምዱ በየሶላቱ ይቀጥላል። ቁርኣንን እየከበደው፣ እየተንተባተበ የሚያነብ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። ስለዚህ መንተባተቡ ሊያሳፍር ቀርቶ ምንዳ የሚያስገኝ ነው።

ከሰሓባዎች መካከል የዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) ታሪክ ለቤተሰብ ትልቅ ትምህርት አለው። ገና በወጣትነታቸው ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማሩ አዘዟቸው። በግማሽ ወር ገደማ ተምረው ደብዳቤ መጻፍና ማንበብ መጀመራቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። በኋላም በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን ቁርኣንን የማሰባሰብ አደራ የተጣለው በእኚሁ ሰው ላይ ነበር። አደራው ተራራ ከማንቀሳቀስ በላይ ከብዶ እንደታያቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ሥራውን ግን ፈጽመውታል። ችሎታቸውን ያሳደገው ሰው አምኖባቸው ሥራ የሰጣቸው መሆኑ ነው፤ ፍርሃቱም ከሥራው አላስቀራቸውም።

በየቤታችን የሚጎድለው አንዳንዴ ይህ አመኔታ ነው። ልጅ ሲያነብ ተሳስቶ ከተሳቀበት በሚቀጥለው ቀን ድምፁን ይቀንሳል፤ በሦስተኛው ቀን «አሞኛል» ይላል። እናት አንድ ፊደል ስታበላሽ ልጆቿ ከተጠቃቀሱ ዳግመኛ አትሞክርም። ሳቁ ለሳቂው የደቂቃ ነገር ነው፤ በተሳቀበት ሰው ላይ ግን ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ በዚህ ወር ቤተሰብ አንድ ስምምነት ቢያደርግ መልካም ነው፤ የተሳሳተ ይታረማል እንጂ አይሳቅበትም። እርማቱም በለሆሳስ፣ አንድ በአንድ ይሁን።

አባት ልጁን «እስቲ ይህችን ፊደል አሰሚኝ» ብሎ ቢጠይቃት ክብሩ አይቀንስም። እርሱ ፊደሉን ያገኛል፤ እርሷም አባቷ የሚያምንባት አስተማሪ መሆኗን ታያለች። ልጆችም ከንባቡ ሌላ እውነተኛ ኃላፊነት ይሰጣቸው። አንዱ በኢፍጧር ሰዓት ቤት ውስጥ አዛን ይበል። ሌላዋ ዘካተል ፊጥርን ትስፈር፤ ለአንድ ሰው አንድ ሳዕ፣ በሁለት እጅ ሲታፈስ አራት እፍኝ መሆኑን ተምራ የቤተሰቡን ቁጥር አባዝታ ታስላ። ስትሳሳት እንደገና ትስፈር እንጂ ከእጇ አይነጠቅባት።

ረመዳን በ29 ወይም በ30 ቀን ይጠናቀቃል። በወሩ ውስጥ የተለመደ ነገር ግን ከዒድ በኋላም አብሮን ይቆያል። የተሟላ ጊዜ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዛሬ ከኢፍጧር በፊት ያሉት አሥር ደቂቃዎች ለአንዲት ፊደል ይበቃሉ። ዓመታት ዝም ብሎ ያዳመጠው አባት በዒድ ዋዜማ ፋቲሓን ለልጆቹ ጮክ ብሎ ካነበበ ያ ቤት ከረመዳን ብዙ አትርፏል።