ስንዴ የማይስማማው ልጅ በቤታችን ሲኖር

በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው በሽታ ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ሴሊያክ ይባላል። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንድ ያህሉን እንደሚይዝ ይገመታል፤ ከተያዙት ውስጥ ግን የሚበዙት መያዛቸውን ሳያውቁ የሚኖሩ ናቸው።

እስቲ በመርሳ ከተማ ወይም በሐብሩ ገጠር የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። የአራት ዓመት ልጇ ሆዱ ይነፋል፣ ቶሎ ቶሎ ያስቀምጠዋል፣ እጅና እግሩ ቀጥኗል፣ ከእኩዮቹ ቁመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች፤ የጃርዲያ ወይም የአሜባ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ለሳምንት የተሻለው ይመስላል፣ ከዚያ ይመለስበታል። አንዷ ጎረቤት «ዓይን ነው እታለም፣ ቁርኣን አስቀሪለት» ትላታለች፣ ሌላዋ «አብሽሪ፣ ሲያድግ ይተወዋል» ትላለች። እናት ደግሞ እናት ናትና ልጇ ጉልበት እንዲያገኝ የገብስ አጥሚት ታጠጣዋለች፣ በሶ በማር ትበጠብጥለታለች፣ ከሱቅ ነጭ ዳቦ ገዝታ በሻይ ትሰጠዋለች። ቁርኣን መቅራቱም ዱዓእ ማድረጉም መልካም ነው፣ ማንም አይከለክላትም። ዳሩ ግን ልጁ ሴሊያክ ካለበት የሚያሳምመው ይኸው በፍቅር የሚቀርብለት አጥሚት፣ በሶና ዳቦ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስንዴና በገብስ፣ እንዲሁም አውሮፓውያን ራይ በሚሉት እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የስንዴ ሊጥ ሲለጠጥ እንዳይበጠስ የሚያደርገው እሱ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ ሰውነቱን ከበሽታ ሊጠብቅ የተፈጠረለት ኃይል ተሳስቶ በገዛ ቀጭን አንጀቱ ላይ ይነሳል። የአንጀት የውስጥ ግድግዳ እንደ ስጋጃ ክር በቆሙ ጥቃቅን ነገሮች የተሸፈነ ሲሆን ምግብን የሚመጡት እነሱ ናቸው። በበሽታው ሳቢያ እነዚህ ይረግፋሉ፣ ግድግዳውም ይለሰልሳል። ሰውየው ይበላል፣ ምግቡ ግን ወደ ደሙ አይገባም። ከዚህም የተነሳ ደም ማነስ፣ ድካም፣ የአጥንት መሳሳት፣ የአፍ ቁስል፣ በአንዳንዶችም ላይ እጅግ የሚያሳክክ የቆዳ ሽፍታ ይመጣል። ሆዱን ጨርሶ የማያመው በሽተኛም አለ። የብረት ኪኒን ለወራት ውጣ ደሟ አልሞላ ያላት ወጣት፣ ወይም ፅንስ የሚጨናገፍባት ሴት ከምርመራዎቻቸው መካከል ይህ እንዲታይላቸው ሐኪማቸውን ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር። በአካባቢያችን ልጆችን የሚያስቀምጣቸው በአብዛኛው ያልተጣራ ውኃ፣ የአንጀት ትልና ልዩ ልዩ ጀርም ነው። ሆዱን የነፋው ሁሉ ሴሊያክ አለበት ማለት አይደለም። በውጭ አገር ሰዎች ያለ ምንም ምርመራ ስንዴ መተውን እንደ ፋሽን ይዘውታል፤ ለእኛ ይህ የሚያስቀና አይመስለንም። በሽታው የሚታወቀው በመጀመሪያ በደም ምርመራ፣ ቀጥሎም በብዙዎች ላይ በጉሮሮ በሚገባ መሣሪያ ከአንጀት ትንሽ ናሙና ተወስዶ ነው። ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ስላልሆነ ሪፈር ማስጻፍና ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ስለሆነም ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ፦ ምርመራው እስኪያልቅ ስንዴውንና ገብሱን መተው አይገባም። ቀድሞ የተወ ሰው ደሙ ንጹህ መስሎ ይታይና የደከመበት መንገድ ከንቱ ይሆናል።

ለመሆኑ ጥፋቱ የስንዴ መሆኑ እንዴት ታወቀ? በዚህ ረገድ የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም የዊለም ካሬል ዲከ ታሪክ የሚደንቅ ነው። ዲከ በዘ ሄግ ከተማ በጁሊያና የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ሆላንድ በጦርነቱ ምክንያት ክፉ ረሃብ ደረሰባት፣ ዳቦም ጠፋ። ሕዝቡ በረሃብ ሲሰቃይ የሴሊያክ ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦ ተመልሶ ሲመጣ ሕመማቸውም አብሮ ተመለሰ። ዲከ በመመገብና በመከልከል እየሞከረ ነገሩን አጣርቶ እ.ኤ.አ. በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበበት።

የረሃብ ነገር ሲነሳ የወሎ ሰው ጆሮውን ያቀናል። በ1966ም በ1977 ዓ.ም.ም ረሃብ አገራችንን መትቷል፤ በየመጠለያው ለተረጂ የሚሰፈረው እህል ብዙውን ጊዜ ስንዴ ነበር፣ ዛሬም ከስንዴ ብዙ አልራቀም። በቅርብ ዓመታት ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ጃራ በነበረው መጠለያ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችን አርፈው እንደነበር የምናውቀው ነው። ለጤነኛ ሰው ስንዴው ነፍስ አድን ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ሴሊያክ ላለበት ልጅ ግን ያለው ምርጫ መራብ ወይም መታመም ይሆናል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአልጄሪያ በረሃ ቲንዱፍ አጠገብ በመጠለያ በሚኖሩት የምዕራብ ሳሃራ ሙስሊሞች ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከመቶው ከ5 በላይ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። አባቶቻቸው የግመል ወተት፣ ሥጋና ቴምር ይመገቡ ነበር፤ በኋላ ግን ማዕዳቸው በስንዴ ዳቦ ላይ ቆመ። ስለዚህ እርዳታ የምናከፋፍል ወንድሞችና እህቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ስንዴውን በሩዝ፣ በማሽላ ወይም በበቆሎ የምንለውጥበት መላ ብንፈልግ ይበጃል። በዒድ ዋዜማ ለዘካተል ፊጥር የስንዴ ዱቄት መስጠት የለመድን ሰዎችም ብንሆን የምንሰጠው ቤት ምን እንደሚበላ አስቀድመን ብንጠይቅ አይከብድም።

አሁን ወደ ደጉ ወሬ እንምጣ። አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችን የሰጣት ጤፍ ግሉተን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው በአንዱም ውስጥ በሽተኛውን የሚጎዳውን ነገር አላገኙም። አውሮፓ ውስጥ ግሉተን የሌለበት ዱቄት በውድ ዋጋ ስለሚሸጥ ጤፍ ተፈላጊ ሆነ፤ አንድ የሆላንድ ኩባንያም የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በፓተንት የራሱ አድርጎ ነበር። ያ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2018 በፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ፤ የተፈረደውም በዚያው ዲከ ሕፃናትን ባከመበት በዘ ሄግ ከተማ ነው። አያቶቻችን በምጣድ ሲጋግሩት የኖሩትን ነገር አንድ ኩባንያ «የእኔ ፈጠራ ነው» ማለቱ እስከ ዛሬ ይገርመናል።

ጤፍ ብቻም አይደለም። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ ሁሉም ለዚህ በሽተኛ ይሆናሉ። የሐብሩ ቆላ ደግሞ የማሽላ አገር ነው፤ በዚያው ወረዳ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ በግራና ስም ይጠራል። ወደ ጊዳንና ወደ መቄት ደጋ ሲወጣ ግን ገብስና ስንዴ ስለሚበዛ፣ እንጀራውም ከገብስ ስለሚጋገር፣ ነገሩ ይከብዳል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ማርና የመርሳ ማንጎና ብርቱካን ምንም ነገር የለባቸውም። ወተት ግን ገና መታከም በጀመረ ልጅ ላይ ለጊዜው ሊከብድ ይችላል፣ አንጀቱ ሲያገግም ይለምደዋል። አጃን በተመለከተ ስሙ ራሱ ያሳስታል፤ በአንዳንድ አካባቢ አጃ የሚባለው የስንዴ ዘር ነው። ለሾርባ የምንገዛው ሌላኛው አጃም ከገብስና ከስንዴ ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ መተዉ ይሻላል።

እንግዲህ «ጤፍ እንጀራ ከበላ ምን ችግር አለ?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ከድስትና ከምጣድ በፊት፣ ወፍጮ ቤት ላይ ይጀምራል። ከፊታችን የነበረው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሆነ በወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ከእኛ ጤፍ ጋር ይወጣል። ለዚህ በሽተኛ ደግሞ በየቀኑ የሚገባ አንድ ፍርፋሪ ያህል እንኳ አንጀቱን ለመጉዳት ይበቃል። ስለዚህ ማሽላ ወይም በቆሎ ከተፈጨ በኋላ ተራ መያዝ፣ ባለወፍጮውን በትህትና ማስረዳት፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ኪሎም ለሌላው ቤተሰብ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ጤፍ ተወዷል ተብሎ ገብስ ወይም ስንዴ ሊደባለቅበት ስለሚችል አያስተማምንም። እርሾውም ከጎረቤት ከተበደርነው ምን እንደነበረበት አናውቅም። በቤት ውስጥም ቡሃቃው፣ ወንፊቱና እርሾው ለብቻ ቢሆን፣ ዳቦ በተጋገረበት ምጣድ ላይም በደንብ ሳይጸዳ እንጀራ ባይጋገር ይመረጣል። አቅም ያለው ቤት ሁሉም በአንድነት ጤፍና ማሽላ ቢበላ ከሁሉ ይቀላል፤ ልጁም ብቻውን የተለየ ሆኖ አይሰማውም።

ረመዳን ሲመጣ ፈተናው ይበረታል። ሳምቡሳው ከስንዴ፣ ሾርባው ከገብስ ወይም ከአጃ፣ ፈጢራውና ሙሸበኩም ከፉርኖ ዱቄት ነው። ቴምሩና ውኃው፣ የሩዝ ወይም የምስር ሾርባው፣ ጤፍ እንጀራውና ወጡ ግን አሉ። የሳምቡሳውን የምስር ሙሌት በበቆሎ ቂጣ መብላትም ይቻላል። በሠርግና በዒድ የሚቀርበው ቀሪቦ ከገብስ የሚሠራ መሆኑ እንዳይዘነጋ፤ አልኮል የሌላቸው የብቅል መጠጦችም እንዲሁ። በአብሽ መተካት ነው። ተልቢናም ከገብስ ስለሚዘጋጅ ለሌላው ሕመምተኛ የሚወደደውን ያህል ለዚህኛው አይሆንም። ጾሙን በተመለከተ አመጋገቡን ጠብቆ የዳነ ሰው እንደማንኛውም ሰው ሊጾም ይችላል። ገና የተዳከመው ግን በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 184 እና 185 ላይ ለሕመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ አለለት፤ ሐኪሙንና ዓሊሙን ጠይቆ ይወስን።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው እንግድነት ነው። በወሎ ቤት የቀረበን አለመቅመስ ንቀት ይመስላል። «ኧረ በአላህ፣ አንድ ጉርሻ አይገልህም!» ይባላል። ልጁም ከማሳዘን ብሎ ይጎርስና ሌሊቱን ሆዱን ይዞ ያድራል። ወላጆች ለአክስቶች፣ ለአያቶችና ለመድረሳው ኡስታዝ አስቀድመው ቢነግሩ፣ ልጁም «ስንዴና ገብስ ያሳምመኛል፣ ቡና ግን እጠጣለሁ» ማለትን ቢለምድ ነገሩ ይቀልለታል። በዱዓእ ስብስብ ላይ ንፍሮው ከሽምብራና ከበቆሎ ብቻ ቢሆን እሱም ከሰው ጋር ይቆነጥራል።

ለሴሊያክ እስካሁን የሚያድን ኪኒን የለም፤ መድኃኒቱ አመጋገቡ ነው፣ ዕድሜ ልክም የሚጠበቅ ነው። ልጆች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፊታቸው ይመለሳል፣ ሆዳቸው ይረግባል፤ የአዋቂ ሰው አንጀት ግን እስኪያገግም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። «ዳነ እኮ» ተብሎ ዳቦው ከተመለሰ በሽታውም ይመለሳል። በዘር የሚተላለፍ ባሕርይም ስላለው ከታማሚው ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች ከአሥሩ አንዱ ያህል ሊኖርበት ይችላል። አንዱ ልጅ እንዳለበት ከተረጋገጠ፣ የቀሩት ልጆችም እናትና አባትም ምንም ባያማቸው እንኳ ዳቦውን ሳያቋርጡ ደማቸውን ይመርመሩ።