«ምንም አላመመኝም»



ከመስከረም በኋላ ባኮ አቅራቢያ ዘመድ ልንጠይቅ በወረድን ጊዜ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአንድ ቤት የወባ በሽተኛ አግኝታ የጎረቤቶቹን በር ስታንኳኳ ደረስን። አንድ አባት በራፋቸው ላይ ቆመው «ልጄ፣ እኔን ምንም አላመመኝም፤ ያልታመመ ሰው ምን ይታከማል?» አሏት።

ጥያቄያቸው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኛ የአምቦ ሰዎችም ንዳድን የቆላ በሽታ ብለን ለባኮና ለግቤ ሸለቆ ትተነው ኖረናል። ነገር ግን በ1958 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን ሲፈጅ፣ የበረታው ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ነበር። አምቦ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት! በ2024ም ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሞ 1,157 ሰው ሞቷል።

ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰው ተሐዋሲውን በደሙ ይዞ፣ ሳያተኩሰው ሥራውን ሊሠራ ይችላል። ትንኟ ግን ከእርሱ ወስዳ ከቀናት በኋላ ለጎረቤት ሕፃን ታደርሳለች። በበሽተኛው ዙሪያ ያሉ ቤቶች የሚመረመሩት ለዚህ ነው። እርግጥ ፈጣኑ ምርመራ ተሐዋሲው ጥቂት የሆነበትን ሰው ያልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ስርጭትን ለመቀነስ ተብሎ ሕዝብን በጅምላ መርምሮ ማከምን ያልመከረው ጥቅሙ አነስተኛ ሆኖ ስላገኘው ነው፤ ወባ በቀነሰበት አካባቢ በበሽተኛ ዙሪያ መፈለግን ግን ደግፏል። ስለዚህ «የለብህም» የተባለ ሰው አጎበሩን አጣጥፎ አያስቀምጥ።

በረመዷን ነገሩ ይጠነክራል። ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ጠብታ ደም ጾም እንደማያፈርስ ዑለሞቻችን ያስተምራሉ፤ ኪኒን መዋጥ ግን ያፈርሳል። ለታመመ ሰው አላህ (ሱ.ወ.) አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። ምልክት የሌለበትስ? እኛ ሙፍቲ አይደለንምና ዓሊሙንም ጤና ሠራተኛውንም ይጠይቅ፤ ብቻ ሰዓቱን በራሱ አይወስን። ኮአርተም ጠዋትና ማታ ለ3 ቀን ከምግብ ጋር ይዋጣል። በሁለተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብለው የቀረውን ለሚቀጥለው ሕመም ቆጥበው የሚያስቀምጡ ወንድሞች አሉን፤ ይህ ቁጠባ አይደለም። ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ለእርሱ የሚሰጠው ፕሪማኪን በተለምዶ 14 ቀን የሚዋጥ ሲሆን ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጥ በቤት ውስጥ አይካፈሉትም።

ወደ እኚያ አባት እንመለስ። ልጅቷ አልተከራከረቻቸውም። «አባባ፣ ማታ አጠገብዎ ማን ይተኛል?» አለቻቸው። የልጅ ልጃቸውን ስም ጠሩና ጥቂት ዝም ብለው ግራ እጃቸውን ዘረጉላት። ውጤቱ እስኪታወቅ 20 ደቂቃ ያህል ተቀመጥን፤ ቡናም ተፈላ። ወባው ተገኘባቸው። የመጀመሪያውን መድኃኒት ከቡና ቁርሱ ጋር እዚያው ዋጡ፤ ቀጥሎም ሕፃኑ እንዲመረመር ራሳቸው ገብተው አመጡት።